የጥይት ሊቃውንት

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ በሸሚዙ ሥር ደብቆ ለመያዝ የወሰነን ሰው ከሽጉጡ ይልቅ የሚያደክመው ጥይቱ ነው። ሽጉጥ አንዴ ይመረጣል፤ እጅ ላይ ልክ ከሆነ፣ ወገብ ላይ ካላበጠ፣ ዋጋው ከኪስ ጋር ከተስማማ ነገሩ አለቀ። የጥይቱ መደርደሪያ ፊት ሲቆሙ ግን ሌላ ጣጣ ይጀምራል። ቴክሳስ ወይም ቨርጂኒያ ያለ መካከለኛ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ለባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ብቻ ከወለል እስከ ትከሻ ካርቶን ደርድሮ ይጠብቃል። አንዱ ካርቶን 115 ግሬን ይላል፣ ሌላው 124፣ ሦስተኛው 147፤ የአረሩ ክብደት ነው፣ ከ7 ግራም ተኩል እስከ 9 ግራም ተኩል ማለት ነው። ጫፉ ድቡልቡል አለ፣ ጫፉ ጎድጓዳ አለ፣ ጎድጓዳው በቀይ ፕላስቲክ የተወተፈም አለ። ስም አውጪዎቻቸው በአያቶቻችን ዘመን ኖረው ቢሆን የፈረስ ስም በማውጣት ብቻ ርስት ይተከልላቸው ነበር፦ ጎልድ ዶት፣ ሃይድራ ሾክ፣ ክሪቲካል ዲፌንስ፣ ብላክ ታሎን። ይህ የመጨረሻው፣ ትርጉሙ ጥቁር ጥፍር የሆነው፣ በስሙና በቀለሙ ያን ያህል ጩኸት ስላስነሳ ዊንቸስተር በ1993 ከሕዝብ ገበያ አወጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ጥቁር ቀለሙ ለቆና ስሙ ተቀይሮ ግን ተመሳሳይ ንድፍ ያለው ጥይት ለፖሊሶች መሸጡ ቀጠለ። ሆርናዲ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ፣ ዞምቢ ማክስ የተሰኘ እውነተኛ ጥይት ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል ዞምቢ ገጥሞት ጥይቱ አልሠራልኝም ብሎ ካርቶኑን የመለሰ መኖሩን አልሰማሁም።

ነገሩ የፈረንጆች ጣጣ ነው ብለን እንዳናልፈው የእኛም ሰዎች ገብተውበታል። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ዳላስና አትላንታ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ የመጠጥ ሱቅ የሚዘጋ፣ ከነዳጅ ማደያ የቀኑን ገንዘብ ይዞ የሚወጣ አበሻ ጥቂት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 ከቤት ውጭ ሽጉጥ መያዝ የሕገ መንግሥት መብት ነው ብሎ ከፈረደ ወዲህ ፈቃድ ማግኘት በብዙ ቦታ ቀሏል፤ ዋሽንግተን ዲሲ እንኳ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ላጠናቀቀ፣ ሌላውንም መስፈርት ላሟላ ሰው ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ ጥሬ ሥጋ ቤቱ የክርክር ጉባኤ ይሆናል። አንዱ ባለ 9 ትንኝ ነው ይላል፣ ሌላው ባለ .45 (የአረሩ ውፍረት በኢንች ነው) ግድግዳ ይጥላል ይላል፣ ሦስተኛው የ124ቱንና የ147ቱን ልዩነት እንደ ቅባትና ተዋሕዶ ሊቃውንት ያብጠለጥላል። የእኔ ክርክር አንድ ነው፤ ጥይት የመምረጡ ጉዳይ ከሞላ ጎደል ያለቀለት፣ የመፈተኑ ጉዳይ ደግሞ ገና ያልተጀመረ ነው። እነዚህ ሊቃውንት ያለቀውን እየተከራከሩ ያልተጀመረውን ይተዉታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ክርክር በነጻ ነው፣ ፈተና ግን አንድ ቃታ በተሳበ ቁጥር ከ1 ዶላር በላይ ያስከፍላል።

ክርክሩ እንዴት እንዳለቀ ለማየት ከየት እንደጀመረ ማየት ደግ ነው። አሜሪካኖች ፊሊፒንስ ውስጥ ሲዋጉ ባለ .38 ሽጉጣቸው የሞሮ ተዋጊዎችን አላቆመልንም ብለው አማረሩ። በ1904 የጦር መኮንኑ ቶምፕሰንና ሐኪሙ ሻለቃ ላጋርድ መልሱን እንዲያመጡ ታዘዙ። ሁለቱ ሰዎች ሽጉጦቻቸውን ጠቅልለው ቺካጎ ከሚገኘው የከብት ማረጃ ሰፈር ሄዱና የተለያየ ጥይት በበሬዎች ላይ እየተኮሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ በሰዓት ለኩ። የሰው ሬሳም አንጠልጥለው ተኮሱበትና ጥይቱ ሲመታው ምን ያህል እንደተወዛወዘ ዓይተው መዘገቡ። ውጤቱ እርስ በርሱ የሚጣላ ቢሆንም መደምደሚያው የማያወላውል ነበር፦ የወታደር ሽጉጥ ከ.45 ማነስ የለበትም። ከዚህ ጥናት የተወለደው የ1911 ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር እስከ 1985 ድረስ ከወገቡ አልፈታውም። ዛሬ ሥጋ ቤት ተቀምጦ ባለ .45ን የሚያወድስ ሰው ሳያውቀው የሚጠቅሰው ያንን የተንጠለጠለ ሬሳ ነው። በሬዎቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በመቶኛ ነበር። በ1992 ማርሻልና ሳኖው የተባሉ ጸሐፊዎች እውነተኛ የተኩስ አጋጣሚዎችን ሰብስበን እያንዳንዱ ጥይት በአንድ ምት ስንት ሰው እንዳቆመ ቆጠርን አሉ፤ ባለ .357 ማግነም 125 ግሬን ጥይት 96 ከመቶ አገኘ። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደ ዳዊት ይደገማል። ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነበር፤ ከአንድ ጥይት በላይ የተመታ ሰው ከሒሳቡ እንዲወጣ ተደርጓል። እንግዲህ አንድ ጥይት አልበቃ ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ የተተኮሰበት ሁሉ፣ ማለትም ጥይቱ የወደቀበት ፈተና በሙሉ፣ እንዳልተፈተነ ተቆጠረ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ማትሪክ ቢታረም አገሩ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ በገባ። የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም የነበረው ማርቲን ፋክለርና ባልደረቦቹ ይህንን እየነቀሱ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው ግን 96 የሚባለውን ቁጥር ያህል አጭር ስላልነበረ ብዙ ሰው አላስታወሰውም። ፊልም ደግሞ የራሱን ሠራ፤ የተመታው ሰው መስኮት ሰብሮ ወደ ኋላ ይበርራል። ጥይት ሰውን የሚያስበርር ጉልበት ቢኖረው ተኳሹንም በተመሳሳይ ኃይል ወደ ኋላ ባስበረረው ነበር፤ የሽጉጥ ርግጫ የዚያው ጉልበት ሌላ ጫፍ ነውና። የአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) በ1989 ባወጣው ጽሑፍ የሽጉጥ ጥይት ምት በቤዝቦል ኳስ ከመመታት እንደማይበልጥ ጽፏል። ገዳይነቱ ሰርስሮ በሚገባበት ነው፣ በመግፋቱ አይደለም።

ኤፍቢአይ ይህን የጻፈው በከባድ ዋጋ ተምሮ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ 8 የኤፍቢአይ ሰዎች 2 የባንክ ዘራፊዎችን መኪና አስቁመው ተኩስ ተከፈተ። ውጊያው 5 ደቂቃ ሳይሞላ 2 የኤፍቢአይ ሰዎች ሞቱ፣ 5 ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው ላይ በባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ተመትቶ ነበር፤ ጥይቱ ክንዱን በስቶ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሰውየው ከሞት የማይተርፍ ቁስል ይዞ መዋጋቱን ቀጠለ። ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሐኪሞችንና የተኩስ ሊቃውንትን ኳንቲኮ ባለው ማሠልጠኛው ሰብስቦ ጠየቀ፣ መልሱም በጄላቲን ወጣ። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚቀቀለው ያው ጄላቲን 10 ከመቶ ሆኖ ተበጥብጦ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ጥይትን እንደ ሥጋ ያህል ይይዛል። ልክ መሆኑ በትንሽ የብረት ኳስ እየተተኮሰበት ይረጋገጣል። ጥይቱ ባዶውን፣ ከባድ ልብስ ለብሶ፣ በቆርቆሮ፣ በጂፕሰም ግድግዳ፣ በኮምፔንሳቶና በመኪና መስታወት አልፎ ይተኮስበታል። ከ12 ኢንች ያላነሰ፣ ከ18 ኢንች ያልበለጠ መግባት አለበት፤ ከ30 እስከ 46 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ካነሰ የማያሚው ታሪክ ይደገማል፣ ከበዛ ጀርባ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ዕዳ ነው። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ባለ 10 ሚሊሜትር ያዘ፤ ርግጫው ብዙዎቹን ሠራተኞች ስላስቸገረ ወደ ባለ .40 ወረደ፤ በ2014 ደግሞ የዘመኑ ጥይቶች በጄላቲኑ ላይ እምብዛም አይለያዩም፣ ባለ 9 ግን ለተኳሹ ይቀላል፣ ካዝናውም ብዙ ይይዛል ብሎ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። ለ30 ዓመት ያህል ዞሮ እዚያው ባለ 9 ላይ።

ስለዚህ ምርጫው የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ከታወቁት ፋብሪካዎች የአንዱን ጫፉ ጎድጓዳ የመከላከያ ጥይት፣ በዚህ ፈተና ያለፈውን፣ መግዛት ነው። አንድ ሁለት ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ፤ ጎድጓዳው ጫፍ ሥጋ ውስጥ ሲገባ በፈሳሽ ግፊት እንደ አበባ የሚፈነዳ ስለሆነ ፍጥነት ይፈልጋል፣ በኪስ የምትያዝ አጭር አፈሙዝ ያላት ሽጉጥ ደግሞ ፍጥነቱን ትቀንሳለች። እንዲሁም ጎድጓዳው በልብስ ክር ከታፈነ ሳይፈነዳ እንደ ተራ ጥይት ያልፋል፤ ለዚህ ነው አራት ድርብ ጂንስ አልፎ የሚተኮስበት ፈተና የተፈጠረው፣ ለዚሁ ነው አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ጎድጓዳውን ቀድመው በፕላስቲክ የወተፉት። የሚኒሶታን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ ካፖርት በጃኬት በሹራብ ደርቦ የሚሄደውን የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ተራ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል። በአጭር አፈሙዝ የተፈተነ መሆኑን ማጣራት ነው፤ ከዚህ ያለፈው የ124ና የ147 ጭቅጭቅ እድሜ መጨረስ ነው። ይሄ ሁሉ የጥይት ምርጫ ዘር ማንዘር አስቆጥሮ፣ ሰባት ቤት አጣርቶ፣ ሙሽሮቹን ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያስተያዩ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብን ይመስላል። ጥይቱ ጄላቲን ውስጥ ገብቶ እንደሚፈነዳ ተረጋግጧል። እዚህች ሽጉጥ ውስጥ፣ ከዚህች ካዝና ወጥቶ፣ አፈሙዙ ድረስ መድረሱን ማን አረጋገጠ?

ሽጉጥ የፋብሪካ ልጅ ቢሆንም ጠባይ አለው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነው ተራ ጥይት ከካዝና ወጥቶ ወደ አፈሙዙ ጓዳ ሲንሸራተት የሚያደናቅፈው የለም፤ ጎድጓዳው ግን ጠርዝ አለው፣ ጠርዙ መወጣጫው ላይ ሊይዝ ይችላል። ሲይዝ ሽጉጡ ግማሽ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ቀለህ ሳይተፋ የሚያንቀው አለ፣ ከብሱሉ ተመቶ የሚከሽፍም አለ። አሁን ብዙው ሰው የሚያደርገውን እንመልከት። መከላከያ ጥይት ብዙ ጊዜ 20 ሆኖ ይሸጣል። ሰውየው አንድ ካርቶን ይገዛል፣ 5 ወይም 10 ይተኩሳል፣ አልተቀረቀረም፣ ሠርቷል ብሎ የቀረውን ወገቡ ላይ ያስራል። የሒሳብ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ነገር ቀላል መለኪያ አላቸው፤ አንድም ሳይከሽፍ የተተኮሰው ጥይት ብዛት ምን ያህል ያስተማምናል ሲባል 3ን ለዚያ ብዛት ማካፈል ነው። 20 ጥይት በሙሉ ሳይከሽፍ ቢተኮስ እንኳ፣ 95 ከመቶ እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቻለው የመክሸፉ መጠን ከ15 ከመቶ እንደማይበልጥ ብቻ ነው (ስሌቱ ሲጠራ 14 ይሆናል)። ከመቶ 15 ማለት ባለ 10 ጥይት ካዝና ውስጥ ቢያንስ አንዱ የመክሸፍ ዕድሉ 80 ከመቶ ነው። በእርግጥ ይህ የከፋው ወሰን ነው፣ ሽጉጡ ከዚያ እጅግ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን 20 ጥይት የተኮሰ ሰው የተሻለ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 50 ከተኮሰ ወሰኑ ወደ 6 ከመቶ ይወርዳል። የሽጉጥ አስተማሪዎች ዘወትር የሚሉት 200 ደግሞ ወደ አንድ ተኩል ከመቶ ያወርደዋል፤ እሱም ቢሆን በከፋው ወሰን ከ7 ካዝና አንዱ ሊያንቅ ይችላል ማለት ነው። 200 ብዙ የሚመስለው ከፋዩ እኛ ስለሆንን ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፣ ተቃውሞውም ኪስ አለው። 200 መከላከያ ጥይት ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ልጅ የሚያስተምር፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ዒላማ ወረቀት ላይ 200 ዶላር አይበትንም። ይህን ክርክር አያቶቻችን ፊት ያቀረበ ጭብጨባ ባገኘ ነበር። በአጤ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየገበያው ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ያኔ ለልምምድ መተኮስ ማለት ደመወዝን ወደ ዛፍ መወርወር ነበር። እስራኤል ያለው ወገናችንም የራሱ ምክንያት አለው፤ የግል ሽጉጥ ፈቃድ ያለው ሰው እንዲይዝ የሚፈቀድለት 50 ጥይት ብቻ ነበር፣ በጥቅምት 2023 ጦርነት ሲነሣ ነው ወደ 100 ከፍ ያለው፤ ከዚያ በላይ መተኮስ ሲፈልግ ተኩስ ሜዳው ሄዶ እዚያው ገዝቶ እዚያው ይጨርሳል። አሜሪካ ያለው ሰው ግን ገደቡ የገንዘብ ብቻ ነው፣ ለሱም መላ አለው። ሽጉጡን ራሱን ለመፈተን ተመሳሳይ ክብደት ያለው ተራ ጥይት ይበቃል፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ የመከላከያው ሲሶ ያህል ነው፤ መጀመሪያ በዚያ 200 ያህል ይተኮስ። ቀጥሎ መከላከያው ይምጣ፣ 50 ይተኮስ፤ ግን ለመያዝ በታሰበው ካዝና፣ ካዝናው ሞልቶ፣ ሁለት እጅም አንድ እጅም እየተጠቀሙ፣ ግራ እጅን ሳይረሱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወገብ ላይ የከረመው ጥይት በአዲስ ሲተካ አሮጌው አይጣልም፣ ይተኮሳል፣ በማስታወሻ ይጻፋል። በጥቂት ዓመት 50ው 100 ይሆናል፣ 100ው 150፤ ወጪው ግን በዓመት አንድ ካርቶን ነው። ይህን ያህል ማውጣት የማይችል ሰው ሽጉጡን ሲገዛ ሒሳቡን አጉድሎ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

አሮጌው ጥይት ለምን ይተካል የሚል ካለ፣ ወገብ ጥሩ መጋዘን ስላልሆነ ነው። ላብ አለ፣ የልብስ ብናኝ አለ፣ ሽጉጡን ሲያጸዱ የሚተርፍ ዘይት ከብሱሉ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። ከሁሉ የማይታወቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ጠንቃቃ ነኝ የሚል ሰው ማታ ማታ ሽጉጡን ያራግፋል፣ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሶ ያጎርሳል። ያ ጥይት በየጠዋቱ መወጣጫው ላይ ሲጋጭ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፣ ባሩዱ የሚቃጠልበት ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱ ይንራል፤ ከመጠን ካለፈ ሽጉጡን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጥንቃቄው ራሱ አደጋ ወለደ ማለት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ያንን አንድ ጥይት ከአዲስ አጠገብ አቁሞ ቁመቱን ማስተያየት፣ አጥሮ ከታየ መጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ብላክ ታሎን ታሪክ ከሚተርክ መቶ ሊቅ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኅሊና ነው፣ ክብደትም አለው። ጫፉ ጎድጓዳ ጥይት ጨካኝ ነው፣ በጦርነት እንኳ ተከልክሏል፣ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ሰው ቢያንስ ተራውን ይያዝ ይባላል። እውነት ነው፣ የ1899ኙ የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ የሚፈነዱ ጥይቶችን በፈራሚዎቹ አገሮች ጦርነት ላይ ከልክሏል፤ ዱምዱም የሚለው ስማቸውም ከካልካታ አጠገብ ካለው የዱም ዱም መሣሪያ ፋብሪካ የመጣ ነው። እኛም ይህን ስም በክስ መልክ ቀምሰነዋል፤ በ1935ና 36 ጣሊያን ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ተኮሱብኝ እያለ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከስሷል፣ ክሱን በሚጽፍበት ሰሞን እሱ ራሱ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ያዘንብ ነበር። የጦር ሜዳ ሕግ ግን የከተማ መንገድ ሕግ አይደለም። ተራው ባለ 9 ጥይት ጄላቲን ውስጥ 60 ሴንቲሜትር አልፎም ይሄዳል፤ ሰው በስቶ ወጥቶ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሌላ ሰው ያገኛል። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተራው ወደ ጎድጓዳው የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤቱ ኒው ጀርሲ ግን ዛሬም ፈቃድ ላለው ሲቪል ጎድጓዳውን ከቤቱ፣ ከአደንና ከተኩስ ሜዳ ውጭ ይዞ መንቀሳቀስ ይከለክላል፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው። ኒው ጀርሲ የሚኖር አንባቢ ከላይ የጻፍኩትን የምርጫ ምክር ከመከተሉ በፊት ሕጉን ያንብብ። በተረፈ ግን ጭካኔው የሚለካው በተመታው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያልታሰበው ሁለተኛ ሰው በሒሳቡ አልገባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚያስቀኝ ነው፤ እኔ እንደሆነ አልስትም ይላል። ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2008 ባወጣው ግምገማ ከ1998 እስከ 2006 የኒው ዮርክ ፖሊሶች እየተተኮሰባቸው ሲተኩሱ ዒላማቸውን ያገኙት በአማካይ 18 ከመቶ ነው፤ የማይተኮስባቸው ሲሆን እንኳ 30 ከመቶ ነው። እነዚህ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚለማመዱ ሰዎች ናቸው። በነሐሴ 2012 ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ 2 ፖሊሶች አንድ የታጠቀ ነፍሰ ገዳይ ላይ 16 ጥይት ሲተኩሱ 9 መንገደኞች በጥይቱ፣ በስባሪውና በነጣሪው ቆሰሉ። ጥይቱ ጎድጓዳ ነበር፣ የተመረጠ ነበር፣ ጄላቲኑንም ያለፈ ነበር። ከ10 ጥይት 8ቱ ሌላ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ፣ የሚያርፈው ጥይት 124 ነው ወይስ 147 የሚለው ጭቅጭቅ ለግድግዳው ካልሆነ ለማን ይጠቅማል? የፈተናው ግማሽ ሽጉጡ ሲሆን ግማሹ ተኳሹ ነው፤ ያ 200 ጥይት ሲተኮስ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይፈተናሉ። ርካሹን ጥይት የምወደው ለዚህ ነው።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል፣ እሱም ከሊቃውንቱ አይመጣም፣ ከሚስቶቻቸው ነው፦ ባትይዘውስ? ለዚህ የሚበቃ መልስ ጄላቲን ውስጥ የለም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃና በሽጉጥ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ጥይቱ የሚያገኘው ሌሊት የተፈራውን ሌባ ሳይሆን የቤቱን ሰው ነው። ይህን አመዛዝኖ አልይዝም ያለ ሰው የትኛውም ካርቶን አይመለከተውም፣ ልክ ነውም እላለሁ። አመዛዝኖ እይዛለሁ ያለ ሰው ግን ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ሣጥን ከጥይቱ በፊት ይግዛ። ከዚያ ከታወቀ ፋብሪካ አንድ ጥይት በ10 ደቂቃ ይምረጥ፣ ክርክሩን ለሥጋ ቤቱ ትቶ ተኩስ ሜዳ ይሂድ፣ የተኮሰውንና የከሸፈውን በቁጥር ይጻፍ። 200 ሳይሞላ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አያድርግ።